ተቃውሞ አልቀረበም

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ሰው ሲናገር እጽፋለሁ፤ እንደተናገረው ግን አልጽፍም። አንዲት እናት ተነስታ «ልጄን ገደላችሁብኝ» ብትል፣ እኔ ወረቀት ላይ ስትደርስ «ከአገልግሎት አሰጣጥ ጋር የተያያዘ ቅሬታ ተነስቷል» ትሆናለች። አንድ አዛውንት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከላይ እስከ ታች ያለውን ኃላፊ ሲያብጠለጥሉ ቢቆዩ «ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ ትታቸው ከሄደቻቸው ፋይሎች የቀዳሁት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የእኔ ቃለ ጉባኤ ለእርማት ተመልሶ አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ቢሮዬ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የጤና ጉዳይ ከላይ ወደ ታች ሲወርድም ሆነ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ በእኛ በኩል ያልፋል። እዚያ ተቀምጬ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ አየሁ። አዋጅን ምክር ቤት ያወጣዋል፤ እጅ ሲያወጡ በቴሌቪዥን ይታያል። ከአዋጁ ሥር ደንብ፣ ከደንቡ ሥር መመሪያ አለ። ከመመሪያው ኋላ ደግሞ አባሪ የሚባል ሰንጠረዥ ይያያዛል። ስለ አዋጁ ሁሉም ያወራል፤ አባሪውን የሚያነበው የሚተይበው ሰው ብቻ ነው። የእህቴ ኪኒን የተጻፈችው አባሪው ላይ ነበር።

እህቴ በአሥር ዓመት ታንሰኛለች። ስሟን እዚህም አልጽፈውም፤ እናታችን በሕይወት አለች። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ሳሰፍር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ የወደቀችው በሰባት ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ይይዙለታል፤ ያነቃዋል ይባላል። በእጁ የሚነካው ግን አይገኝም፤ አረፋው ይጋባል ብለው ይፈራሉ። እናቴ ስትደርስ ልጇ አፈር ላይ ትንፈራገጣለች፣ ዙሪያዋን የቆመው ሰው ራቅ ብሎ ክብሪት ይጭራል። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ኪስ ውስጥ ክብሪት ጠፍቶ አያውቅም። እህቴ ለሰባት ዓመት ስትወድቅና ስትነሳ ኖረች። አንዴ ምድጃ አጠገብ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ በጋም ሆነ ክረምት ረጅም እጅጌ ትለብስ ነበር።

በአሥራ አራት ዓመቷ ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ጀመሩላት። ትንሽ፣ ነጭ፣ ማታ ማታ አንድ። «ነጯ» ትላት ነበር። በሦስተኛው ወር መውደቋ ቆመ። ለዘጠኝ ዓመት አልወደቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእናቴ ክብሪት ምድጃ ብቻ አነደደ።

ሳሪስ ድረስ ለምን ሄዱ ቢባል፣ የእኛ ጤና ጣቢያ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ነው። የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ ካርድ ክፍል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ካርድ ክፍል ነው። እናቴ በየወሩ «ዘመድ ልጠይቅ» እያለች ልጇን ይዛ ታክሲ ትሳፈራለች። ጎረቤት ሲጠይቅ ራስ ምታት ነው የምንለው። በኋላ «ማይግሬን» የሚል ቃል ከእኔ ሰማችና በጣም ወደደችው። «የተማረ ሰው በሽታ ነው» ትል ነበር፤ ልጇ የታመመች ሳይሆን የተመረቀች ነበር የምትመስለው።

አባታችን ገበሬ ነበር። መሬቱ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ሆኖ ያለቀው እሱ በሕይወት እያለ ነው። የቀረችን ወንዙ ዳር ያለች የጎመንና የቆስጣ መደብ ናት፤ እህቴ ጠዋት ጠዋት እሷ ላይ ትሠራና የለቀመችውን ሳሪስ አቦ ገበያ ወስዳ ትሸጥ ነበር። እዚያ ነው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ልጅ ያያት። ቆስጣ የማይበላ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ቆስጣ ሲገዛ ነገሩ አይደበቅም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ተነገረን። አክስቱ ደግሞ የሰፈራችን ሰው ነበረች፤ የሴቶች እድር ሰብሳቢ፣ የሁሉንም ቤት ጓዳ የምታውቅ ሴትዮ።

ረቂቅ መመሪያው የመጣው የካቲት ላይ ነው። አእምሮ ላይ የሚሠሩና ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶችን ለመቆጣጠር የተዘጋጀ ነበር። ክፉ ሕግ አልነበረም፤ ይህን ልክድ አልችልም። ሰፈራችን ኪኒን እየዋጡ ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ ልጆች በዝተው ነበር፣ ወረዳውን በአቤቱታ ያጨናነቁትም እናቶቻቸው ናቸው። ሕግ አውጪው የሰማው የእናቶችን ጩኸት ነው።

ለውይይት የሚባዛውን ቅጂ የተየብኩት እኔ ነኝ። አባሪው ሦስት ገጽ ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል የመድኃኒቱ ስም፣ በሌላ በኩል የት ደረጃ ላይ በማን ማዘዣ እንደሚሰጥ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ፌኖባርቢታል አለ። ትይዩው «በሆስፒታል ደረጃ ብቻ፣ በስፔሻሊስት ሐኪም ልዩ ማዘዣ» ይላል። ጣቶቼ ቆሙ። ከዚያ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ይህን የጻፉት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ እንደ እህቴ ላለ ሰው ያሰቡለት ነገር ይኖራል። ሦስተኛውን ገጽ ቀጠልኩ።

ለእናቴ ነገርኳት። «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ምን ሊመጣብን?» አለችኝ። የቢሮ ሠራተኛ ልጅ ያላት ሰው የሚሰማው ዓይነት መተማመን ነበራት፤ እኔም ልገፋት አልፈለግሁም።

የውይይቱ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። እናቴ እድሩን ወክለው ከመጡት ሴቶች ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ አክስትየዋ ከፊቷ። እኔ መድረኩ ጥግ ላይ በጠረጴዛዬ። ሰብሳቢው አለቃዬ ናቸው፤ ጨዋ ሰው፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው። ረቂቁን አንድ በአንድ አስረዱ። አባሪው ጋ ሲደርሱ «ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ አለ» ብለው አለፉት። በመጨረሻም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠየቁ።

«ይህ መመሪያ ቢፀድቅ የሚጎዳ ሰው አለ የሚል ካለ አሁን ይናገር። አንድ ሰውም ቢሆን ይናገር። ዛሬ ያልተባለውን ነገ እኔ ወደ ላይ ማድረስ አልችልም።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም፣ ደንቡ ነው፤ ያን ቀን ያ ደንብ እንዴት እንደተመቸኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፏን ከፈተች። ከፊቷ የነበረችው አክስትየዋ ማን እንደተነሳ ለማየት ዞር አለች።

«ልጆቻችን እያለቁብን ነው» አለች እናቴ። «መመሪያው ይጥበቅ እንጂ አይላላ።»

ተጨበጨበላት። አክስትየዋም ፈገግ ብላ አጨበጨበች። እኔ «ከተሳታፊዎች የድጋፍ አስተያየት ተሰጥቷል፤ ተቃውሞ አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንገዱ ግማሽ ላይ፣ «ለምን ተነሳሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ልናገር ነበር የተነሳሁት» አለችኝ። «ዞር ብላ አየችኝ።»

ፋሲካ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ግንቦት ላይ መመሪያው ጸና።

ሳሪስ ያለው የመድኃኒት ክፍል ባለሙያ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው። የዚያን ወር ሠላሳ ፍሬ ሰጣትና ከዚያ በኋላ መስጠት እንደማይፈቀድለት ነገራት። ቁም ሳጥኑ ታሽጓል፣ ቁልፉ እንኳን እሱ ጋ የለም። ሆስፒታል የሚልክ የሪፈር ወረቀትም የሚጽፈው የምትኖርበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ እነሱ አይደሉም። «በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጪ» አላት። «በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ከበሽታው ይብሳል።» ሌላውን ዓይነት መድኃኒት ጠየቀችው፤ ሌላው ዓይነት በዚያ ሰሞን አልነበረም።

ወደ እኛው ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። የአምስት ደቂቃውን መንገድ። በሩ ጋ ስንደርስ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የተቀመጠችው የአክስትየዋ ልጅ መሆኗን አየን። አወቀችንና እጇን አውለበለበችልን። እህቴ መልሳ አውለበለበችላት፣ ክንዴን ያዘችና አዞረችኝ። ዘጠኝ ዓመት ከሰፈር ሸሽተን ስንታከም እዚህ የሚያውቀን ካርድ አልነበረንም፤ ካርድ ለማውጣት ደግሞ የበሽታውን ስም በዚያች መስኮት በኩል መናገር ነበረብን።

የግል ክሊኒኮችን ዞርኩ። አንድ ሐኪም ለሆስፒታል ጻፈልን፣ ሆስፒታሉ ለነሐሴ መጨረሻ ቀጠሮ ሰጠን፤ ሰኔ ገና መግባቱ ነበር። የመድኃኒት መደብሮቹን ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በእግሬ ጠየቅኩ። ማዘዣው ልዩው አይደለም አሉኝ። አንዷ ባለ መደብር ድምጿን ቀንሳ «እህቴ፣ ፈቃዴን አታስነጥቂኝ» አለችኝ። ልትሰጠኝ ፈልጋ እንደነበር ዓይኗ ላይ ያስታውቃል። ማናቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ሰው አግኝቼ ብጮህበት ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

እህቴ ኪኒኖቹን በምላጭ መቁረጥ ጀመረች። መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት። መስታወት ላይ አስቀምጣ በጥንቃቄ ትከፍላታለች፣ ምላጩ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት በጣቷ ጠርጋ ትልሳለች። እናቴ ክብሪቱን እንደገና ከኪሷ ማውጣትና መመለስ ጀመረች። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«አንዲት የማውቃት ልጅ አለች» አልኳቸው። «ፌኖባርቢታል ነበር የምትወስደው። መመሪያው ከወጣ ወዲህ ጤና ጣቢያ ከለከላት። ቀጠሮዋ ነሐሴ ነው፣ የቀራት ኪኒን እስከዚያ አያደርሳትም።»

ከመደርደሪያው የውይይቱን ፋይል ስበው ገለጡት፣ ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ተቃውሞ አልቀረበም ይላል። እኔ ወደ ላይ የላክሁት ይህንን ነው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

ከሥሩ ፊርማዬ ነበር። ቆንጆ ፊርማ ነው ያለኝ፤ ያን ቀን ጠላሁት።

«ግን በስም የሚጠራ ሰው ካለ ሌላ ነገር ነው» አሉ ቀጥለው። «ስሟን፣ አድራሻዋን፣ የካርድ ቁጥሯን ጻፊልኝ። አንድ ሰው በእጄ ከያዝኩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ለጤና ጣቢያዋም እደውላለሁ። እንዲሁ አንዲት ልጅ ብዬ ግን ለማን ልጽፍ?»

ባዶ ወረቀት አንሸራተቱልኝ፣ ከላዩ እስክሪብቶ። የእህቴን ስም ለመጻፍ አራት ፊደል ይበቃል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት አልፎ፣ በወረዳው አልፎ፣ ያቺ መስኮት ላይ ሲደርስ ታየኝ። የተቆረጠው ሠርግ ታየኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ስም ጽፌያለሁ።

«ጠይቄያት ልምጣ» አልኩ።

ጠየቅኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ጥር ይለፍ» አለችኝ። «ከሠርጉ በኋላ ራሴ ሄጄ ካርዱን በስሜ አወጣለሁ። እሱ ቤት ከገባሁ በኋላ ቢያውቅ ይሻላል። ስድስት ሰባት ወር ነው እኮ፣ አትፍሪ።» ሳልጠይቃት ልጽፈው እችል ነበር። የአለቃዬ ቢሮ ከእኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይርቅም። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፤ በየቀኑም ነገ እላለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት በአንዱ ቀን ረፋድ፣ እህቴ መደቡ ላይ የተኛውን ውሃ ልታፈስስ ወንዝ ዳር ወረደች። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ድምፁ ተዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቼ በወረቀት ሸፈንኩት፤ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የሚያቀርበው ሰውዬ ቁጥር እያነበበ ስለነበር መስመር እንዳያመልጠኝ ነው። ሰባት ጊዜ ተደውሎልኛል።

ስደርስ መደቡ ዙሪያ ሰው ቆሟል፤ እንደ ትምህርት ቤቱ ቀን ራቅ ብሎ። ያገኟት ከእኛ ቀጥሎ ያለውን መደብ የሚያርሱት ሽማግሌ ናቸው፤ ፊቷ ቦዩ ውስጥ ነበር አሉኝ። ቦዩን አየሁት። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ሽማግሌው ጎትተው አውጥተው ጀርባዋ ላይ አስተኝተዋታል፣ እጅጌዋ ተሰብስቦ የልጅነት ጠባሳዋ ይታያል።

እናቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ክብሪት ትጭር ነበር። ክብሪቱ ረጥቧል። አንዱን ትጭራለች፣ ይሰበራል፣ ትጥለዋለች፣ ሌላ ታወጣለች። ጉልበቷ ሥር የተሰበሩ እንጨቶች ተበታትነዋል። «አንዴ ብቻ ይብራልኝ» ትል ነበር፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። እጇን ያዝኩት። ሳጥኑን ልቀማት ብሞክር አለቅም አለችኝ፣ ይዛው ቤት ገባች።

ለሰው አዳልጧት ቦይ ውስጥ ወደቀች አልን። ክረምት ነው፣ ያዳልጣል፣ ሰው አመነን። ለቅሶ ላይ የሱቁ ልጅ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብሎ በቀስታ «ትታመም ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ቢያውቅ ይተዋት እንደነበር እስከዚያ ቀን አምን ነበር፤ ያን ጊዜ ፊቱን ሳየው እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።

«ራሷን አልፎ አልፎ» አልኩት። «ማይግሬን።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ፣ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ከላይ ደብዳቤ መጣ። የመመሪያው አባሪ ተሻሽሏል፤ ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ ሕሙማን በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ማሻሻያው የተነሳበት የውይይት ቃለ ጉባኤ አብሮ ተያይዟል፤ ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጣ ነው። በር ዘግቼ አነበብኩት። ያቺን ጸሐፊ አላውቃትም፣ አጻጻፏ የእኔን አይመስልም፤ ሰውየው እንደተናገሩት ነው ያሰፈረችው። «አንድ አባት ተነስተው፤ ልጄ ትወድቃለች፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ኪኒኗን ከወሰዳችሁባት ትሞትብኛለች ብለዋል።» የተነሳው ይህ ብቻ ነው። ሌላ ጥናት፣ ሌላ ክርክር የለበትም። አንድ ሰውዬ በሰው ፊት ቆመው፣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሦስት ነገር ተናገሩ። ሕጉ ተለወጠ።

እኔ የእኛን ውይይት ቃለ ጉባኤ የያዝኩ ቀን ስድስት ገጽ ነበር የጻፍኩት።

ለጤና ጣቢያዎቹ የሚላከውን መሸኛ ተየብኩ፣ አለቃዬ ፈረሙ፣ ማኅተም መታሁበት። የሳሪሱ ከእኛ ክፍለ ከተማ ውጭ ስለሆነ የሚመለከተው ሌላ ቢሮ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቅጂ ይዤ በታክሲ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አሁንም አላውቅም። የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ ያው ሰውዬ ነበር። ደብዳቤውን አንብቦ ፊቱ በራ።

«ቁልፉ ትናንት ነው የተመለሰልኝ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ ፖስታ አወጣ፤ ላይዋ ላይ በእጅ ጽሕፈት የእህቴ ስምና የካርድ ቁጥሯ ተጽፎባታል። «የመጀመሪያውን ለእሷ ብዬ ነው የለየሁት። እኔ መንገድ መንገዱን እያየሁ ስጠብቃት ነበር፣ ምነው ቀረች? ንገሪያት፣ ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ።»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ አንድ ሽማግሌ ካርዳቸውን ይዘው። ሁሉም ይሰማሉ። ፖስታዋን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

«እሺ» አልኩት፣ «እነግራታለሁ።»